በደጋ በጎች ላይ የተገኙት «አዳዲስ» ማይክሮአርኤንኤዎች፦ ጂኑ ከየት ይመጣል፣ መቼስ ጂን ይባላል?

ጥያቄው፦ «የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በእንስሳት ዘረመል ላይ እየሠራሁ ነው። ከደጋ በጎች የጡንቻ ናሙና ወስጄ ትናንሽ አርኤንኤዎችን አስነብቤ ነበር። ሶፍትዌሩ ከታወቁት ማይክሮአርኤንኤዎች በተጨማሪ በመቶዎች የሚቆጠሩ ‹አዳዲስ› አወጣልኝ። ማይክሮአርኤንኤ ጂን አንዴ ከተፈጠረ እንደማይጠፋ፣ ቁጥሩም በጨመረ መጠን እንስሳው ይበልጥ ውስብስብ እንደሚሆን አንብቤአለሁ። እነዚህ ጂኖች ከየት ይመጣሉ? በጎቹ ከብርድና ከመኖ እጥረት ጋር የተላመዱት በእነዚህ አዳዲስ ጂኖች ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ?»

መጨረሻ ላይ የቀረበውን ጥያቄ በቅድሚያ እመልሳለሁ፤ አይችሉም። ሶፍትዌሩ የሰጥዎት የእጩዎች ዝርዝር ነው፤ ከእጩዎቹም አብዛኞቹ በጥንቃቄ ሲመረመሩ ይወድቃሉ። ማይክሮአርኤንኤ በእንስሳት ውስጥ እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚበዛና እንዴት እንደሚሞት ሲረዱ ምክንያቱ ግልጽ ይሆንልዎታል፤ በእጅዎ ያለውንም መረጃ ለሌላና ለተሻለ ጥያቄ ሊያውሉት ይችላሉ።

ማይክሮአርኤንኤ ፕሮቲን የማይሠራበት፣ ርዝመቱ 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ፊደል) ገደማ የሆነ አርኤንኤ ነው። መጀመሪያ ከዲኤንኤው የሚገለበጠው ግን ረጅም አርኤንኤ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ክፍል በራሱ ላይ ታጥፎ፣ ሁለቱ ክንዶቹ እርስ በርስ ተጣምረው፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው ቅርጽ ይሠራል፤ ይህን ቅርጽ ከዚህ በኋላ እጥፋት እለዋለሁ። ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም በኒውክሊየስ ውስጥ እጥፋቱን ከግርጌው ይቆርጠዋል። እጥፋቱ ወደ ሳይቶፕላዝም ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳይሰር የተባለው ሌላ ኢንዛይም ቀለበቱን ቆርጦ አጭር ጥንድ ያስቀራል። ከጥንዱ አንዱ ክር አርጎኖት በተባለው ፕሮቲን ውስጥ ሲገባ ሌላው በአብዛኛው ይወገዳል። የገባው ክር፣ ሲድ በሚባለው ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ኑክሊዮታይድ ባለው ክፍሉ፣ ተጓዳኝ ፊደላት ካሏቸው መልእክተኛ አርኤንኤዎች፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚሠራባቸው አርኤንኤዎች፣ ጋር ይገጥማል፤ የተገጠመውም መልእክት በቶሎ ይፈርሳል ወይም የሚሰጠው ፕሮቲን ይቀንሳል። ዒላማን በዋናነት የሚለዩት እነዚህ ሰባት ፊደላት መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በአንድ አጥቢ እንስሳ ጂኖም ውስጥ ሊታጠፉ የሚችሉ ቅደም ተከተሎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ለእጥፋት መገኘት ልዩ ታሪክ አያስፈልገውም፤ በአጋጣሚ ይፈጠራል። ከእጥፋቶቹ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ አርኤንኤ በሚገለበጥ ስፍራ ላይ ይወድቃሉ፤ ከእነዚያም ድሮሻና ዳይሰር በትክክለኛው ቦታ የሚቆርጧቸው፣ ምርታቸውም አርጎኖት ውስጥ የሚገባ በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ እንስሳውን የሚጠቅም ዒላማ አግኝቶ በተፈጥሯዊ ምርጫ የሚጠበቀው ብርቅ ነው። አንድ ናሙና በጥልቀት ሲነበብ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛውም ላይ የቆመ ቁራጭ ሁሉ ይያዛል፤ ሶፍትዌር ግን ከእጥፋት የመጣ አጭር ቁራጭ ባየ ቁጥር «ማይክሮአርኤንኤ» ለማለት ይቸኩላል።

ጂኖቹ ከየት ይመጣሉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከአንድ በላይ ነው። ብዙዎችን የወለደው መንገድ የነባር ጂን መባዛት ነው። ሌት-7 በሁለት ጎን የሚመሳሰል አካል ባላቸው እንስሳት ዘንድ እጅግ በስፋት የተጠበቀ ማይክሮአርኤንኤ ሲሆን፣ በፍራፍሬ ዝንብ አንድ ጂን ብቻ አለው፤ በሰው ውስጥ ግን ሚር-98ን ጨምሮ የቤተሰቡ አባላት 12 ደርሰዋል። ከዚህ ጀርባ ያለው በባለ አከርካሪ እንስሳት መነሻ አካባቢ መላው ጂኖም ሁለት ጊዜ መባዛቱ ነው። በሰው 13ኛ ክሮሞሶም ላይ ተደርድረው የሚገኙት የሚር-17–92 ዘለላ ስድስት እጥፋቶችም የዚሁ ታሪክ ምስክሮች ናቸው፤ አምሳያ ዘለላዎቻቸው በ7ኛውና በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ተቀምጠዋል። ዘለላው እንደ ዋዛ የሚታይ ቅጂ አይደለም። በአይጥ ላይ ሲነቀል ግልገሎቹ እንደተወለዱ ይሞታሉ፤ በሰው ደግሞ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲጎድል የጣትና የአጽም ጉድለት የሚታይበትን ፋይንጎልድ የተባለውን ሕመም እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2011 ታውቋል።

በጎችን ለሚያጠና ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ በበግ 18ኛ ክሮሞሶም ላይ በዲኤልኬ1 እና በዲአይኦ3 ጂኖች መካከል ያለው ስፍራ ነው። በዚህ ስፍራ ከእናት በተወረሰው ክሮሞሶም ላይ ብቻ የሚሠሩ በርካታ ደርዘን ማይክሮአርኤንኤዎች ይገኛሉ። ዘለላው ባለ እንግዴ ልጅ አጥቢዎች ካንጋሮን ከመሳሰሉት ባለ ኪስ አጥቢዎች ከተለዩ በኋላ የተፈጠረ ሲሆን፣ ትልቁ ክፍሉ ከአንድ ጥንታዊ እጥፋት ጎን ለጎን በተደጋጋሚ በመባዛት የተስፋፋ ነው። እዚያው አካባቢ ሌላም የመወለጃ መንገድ ይታያል። ፔግ11 የተባለው ጂን ጥንት ከዘላይ ዲኤንኤ፣ ማለትም ራሱን እየቀዳ በጂኖም ውስጥ ከቦታ ቦታ ከሚዘዋወር ቅደም ተከተል፣ የመነጨ ነው፤ በእርሱ ተቃራኒ ክር ላይ የሚገለበጠው አርኤንኤ ደግሞ ማይክሮአርኤንኤዎችን ያወጣል። እነዚህ ከተቃራኒው ክር ስለመጡ ከፔግ11 መልእክት ጋር ከዳር እስከ ዳር ይገጥማሉ፤ በመሆኑም መልእክቱን ይቆራርጡታል። ይህ በእንስሳት ዘንድ ያልተለመደ አሠራር በበግ ላይ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በታፋቸው ጡንቻ ትልቅነት የሚታወቁት የካሊፒጅ በጎች ሚውቴሽንም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። ስለዚህ የጡንቻ ናሙናዎን ውጤት ሲመለከቱ ወደ 18ኛው ክሮሞሶም አስቀድመው ቢሄዱ አይጸጸቱም።

ዘላይ ዲኤንኤ በሌላም በኩል የእጥፋት ምንጭ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች ፊትና ኋላቸው ተገላብጦ ጎን ለጎን ሲወድቁ፣ የሚወጣው አርኤንኤ ያለ ምንም ተጨማሪ ለውጥ ይታጠፋል። በሰውና በሌሎች ፕራይሜቶች 19ኛ ክሮሞሶም ላይ 100 ሺህ ፊደል በሚያህል ስፍራ የተደረደሩት 46 ያህል የማይክሮአርኤንኤ ጂኖች «አሉ» (Alu) በተባሉ ዘላይ ቅደም ተከተሎች መካከል ሆነው የበዙ ናቸው፤ በዋናነት የሚሠሩትም በእንግዴ ልጅ ውስጥ ነው። ከዚህ የተለየው መንገድ ደግሞ የኢንትሮን፣ ማለትም ፕሮቲን ከመሠራቱ በፊት ከመልእክቱ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል፣ ነው። አጭር ኢንትሮን ከመልእክቱ ተቆርጦ ሲወጣ በራሱ ከታጠፈ፣ የድሮሻን ሥራ የኢንትሮን ቆራጩ ማሽን አስቀድሞ ስለሠራለት በቀጥታ ወደ ዳይሰር ያልፋል። ሚርትሮን የሚባሉት እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 በፍራፍሬ ዝንብና በትል ላይ ተለይተው ታወቁ፤ በቀላሉ ይወለዳሉ፣ በቀላሉም ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር አስቀድሜ ላስወግድ። የዕፅዋትን ማይክሮአርኤንኤ የሚመለከቱ ጽሑፎች አዲሱ ጂን ከራሱ ዒላማ በተገላቢጦሽ ከተባዛ ቁራጭ ይወለዳል ይላሉ፤ ለዕፅዋት ይህ እውነት ነው፣ ሲወለድም ዒላማው አብሮት አለ ማለት ነው። የእንስሳት ማይክሮአርኤንኤ ግን ከላይ ካነሳሁት ከፔግ11 ዓይነቱ በስተቀር እንዲህ አይወለድም። በመጀመሪያ ይወለዳል፣ ዒላማውን በኋላ ያገኛል። ሁለቱ ሥርዓቶች ለየብቻ የተስፋፉ በመሆናቸው በዕፅዋትና በእንስሳት መካከል በውርስ የተያያዘ የማይክሮአርኤንኤ ቤተሰብ የለም።

ጂን ከተባዛ በኋላ የሚለያየው እንዴት ነው? ሲዱ ሰባት ፊደል ብቻ ስለሆነ የአንድ ፊደል ለውጥ ሥራውን በሙሉ ይለውጣል። ሚር-100 እና ሚር-10 ዘመዳማቾች ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ቢያስተያዩ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ፊደላት ውስጥ በሚር-10 አንዲት ዩ ጣልቃ ገብታ ታገኛላችሁ፤ በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት የሁለቱ ዒላማዎች ተለያይተዋል። ፊደል ሳይለወጥ እንኳ ድሮሻ አንድ ኑክሊዮታይድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቢቆርጥ ሲዱ ይዛወራል። ከእጥፋቱ ሁለት ክንዶች ዋናው ምርት የሚወጣበት ክንድም በዘመን ሊቀያየር ይችላል፤ የሚር-10 ዋና ምርት በዱቄት ነቀዝ ከአንደኛው ክንድ፣ በፍራፍሬ ዝንብ ከሌላው ክንድ ይወጣል፤ ጂኑ ግን አንድ ነው። በውጤትዎ ውስጥ «አዲስ» ከተባሉት አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ የነባር ጂኖች ሌላ ክንድ ወይም ፈቀቅ ያለ ቁራጭ መሆናቸውን እገምታለሁ።

አሁን ወደ ሞቱ እንሂድ፤ ምክንያቱም የበለጠ የሚያስረዳው እርሱ ነው። አዲስ የተወለደ ማይክሮአርኤንኤ በሲዱ የሚገጥማቸው መልእክቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነዚህ ግጥሞች የተመረጡ ሳይሆኑ በአጋጣሚ የተገኙ ስለሆኑ፣ ጂኑ ገና ከመነሻው በብዛት ቢመረት ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። ስለዚህ የሚተርፈው በአብዛኛው በትንሽ መጠን የሚመረተውና በአንድ ሕብረ ሕዋስ ብቻ የተወሰነው ነው። ከዚያም በረጅም ዘመን ጎጂ የሆኑት ዒላማዎች በሚውቴሽን እየጠፉ፣ ጠቃሚዎቹ እየተጠበቁ ሲሄዱ መጠኑ እያደገና ወደ ሌሎች ሕብረ ሕዋሳት እየተስፋፋ ይሄዳል። አብዛኛው ግን እዚያ ሳይደርስ ይሞታል፤ በፍራፍሬ ዝንብ ዝርያዎች ንጽጽር የታየው ይኸው ነው፤ ብዙ ይወለዳል፣ ጥቂት ይሰነብታል። ሥር ከሰደደ በኋላ ደግሞ ሲዱን መንካት አደገኛ ይሆናል፤ በሚር-96 ሲድ ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ በሰው ላይ በዘር የሚተላለፍ መስማት አለመቻልን ያስከትላል። አንዳንድ ቤተሰቦች በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ፊደላቸው ሳይለወጥ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የታወቀ ማይክሮአርኤንኤ ሊን-4 እ.ኤ.አ. በ1993 በቪክተር አምብሮስ ቤተ ሙከራ ሲ. ኤሌጋንስ በተባለችው ትል ሲገኝ፣ የጋሪ ሩቭከን ቤተ ሙከራም ዒላማውን ሲያሳይ፣ ግኝቱ የትሏ ብቻ ጠባይ ተደርጎ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሌት-7 ከዝንብ እስከ ሰው እንዳለ ሲታወቅ ነገሩ ተለወጠ፤ ሁለቱ ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ስለዚህ «አንዴ ከተፈጠረ አይጠፋም» የሚለው አባባል ሥር ለሰደዱት ቤተሰቦች እውነትነት ቢኖረውም ሕግ አይደለም። የቢልሃርዚያ ትል ዘመዶች የሆኑት ጥገኛ ጠፍጣፋ ትሎች አያቶቻቸው የነበሯቸውን በርካታ ቤተሰቦች አጥተዋል። ምኒሚዮፕሲስ የተባለችው የባሕር ማበጠሪያ ጄሊ ደግሞ ማይክሮአርኤንኤም ድሮሻም የላትም። የባሕር አነሞኒና የሰው ማይክሮአርኤንኤዎች ሲነጻጸሩ የጋራ ሆኖ የተገኘው ሚር-100 ብቻ መሆኑም ብዙው የተፈለሰፈው ለየብቻ እንደሆነ ያሳያል።

የቁጥርና የውስብስብነት ዝምድና ግን በጥንቃቄ ሊያዝ የሚገባው ነው። በባለ አከርካሪ እንስሳት መነሻ ላይ አዳዲስ ቤተሰቦች በብዛት ተጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ደግሞ ከአከርካሪ አልባዎች ሁሉ ሰፊ አንጎል ያላቸው ኦክቶፐስና ስኩዊድ ከ40 በላይ አዳዲስ ቤተሰቦችን በጋራ እንደያዙ፣ አብዛኞቹም በነርቭ ሕብረ ሕዋስ እንደሚሠሩ ታይቷል። ይህ ድንቅ ነው፤ እኔም ባነበብሁት ጊዜ በጣም ተደስቼበታለሁ። ሆኖም አብሮ መገኘት መንስኤ መሆንን አያረጋግጥም፤ ከዚህም በላይ ንጽጽሩ የሚናገረው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ስለተለያዩ የእንስሳት ጎራዎች ነው። በግ ለማዳ ከሆነ ወደ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። አዲስ እጥፋት ተወልዶ፣ ዒላማዎቹን አጥርቶ፣ መጠኑን አሳድጎ የአንድ ዝርያ መላመድ መሠረት እስኪሆን ድረስ ይህ ጊዜ እጅግ አጭር ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ይሆናሉ ማለት ደግሞ ከምናውቀው ሁሉ ጋር ይጋጫል።

በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ሊለወጥ የሚችለው ዒላማው ነው፤ ማስረጃውም በበግ ላይ አለ። የቴክሰል በጎች በሥጋቸው ብዛት ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን ምክንያቱን ሲፈልግ፣ የጡንቻን እድገት የሚገታው የማዮስታቲን ጂን ፕሮቲን የሚሠራው ክፍሉ ምንም ሳይነካ ተገኘ። ለውጡ ፕሮቲን በማይጻፍበት የመልእክቱ ጅራት ላይ ነበር፤ አንድ ጂ በኤ ተተክታለች። በዚህች ፊደል ምክንያት በጡንቻ ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሚር-1 እና ሚር-206 የሚገጥሙበት ስፍራ ተፈጠረ፤ ማዮስታቲን ቀነሰ፣ ጡንቻው ሰፋ። አዲስ ማይክሮአርኤንኤ አልተወለደም፤ ጥንታውያን ማይክሮአርኤንኤዎች አዲስ ዒላማ አገኙ እንጂ። ሰባት ፊደል የሚያህል ስፍራ በአንድ ሚውቴሽን ሊፈጠር ወይም ሊጠፋ ስለሚችል፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ባሉ እንስሳት መካከል ልዩነት ሲፈለግ ተስፋ የሚጣልበት በዚህ በኩል ነው።

የእጩዎች ዝርዝርዎን እንዴት እንደሚያጣሩ ደግሞ እነግርዎታለሁ። በመጀመሪያ «አዲስ» የሚለው ቃል ከምን አንጻር እንደሆነ ይጠይቁ። ሚርቤዝ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ለበግ የተመዘገቡት እጥፋቶች ከ100 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ሲሆኑ የከብት ከ1,000 በላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ አዲስ ካላቸው መካከል ብዙዎቹ በከብት፣ በፍየልና በሰው ዘንድ ከታወቁ የቆዩ፣ በበግ ስም ያልተመዘገቡ ብቻ ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ በሚርቤዝ መመዝገብ ራሱ ዋስትና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ምርመራ በጊዜው ከነበሩት 1,881 የሰው ምዝገባዎች ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው ከሲሶ በታች ሆነው እንዳገኛቸው ልብ ይበሉ። ይበልጥ የተጣራው ቋት ሚርጂንዲቢ ነው፤ ንጽጽርዎን በእርሱ ይጀምሩ።

የቀሩትን እያንዳንዳቸውን በዓይንዎ ይዩ። እውነተኛ ጂን ከሁለቱም ክንዶች ከ20 እስከ 26 ኑክሊዮታይድ የሚረዝሙ ንባቦችን (ማሽኑ ያነበባቸውን ቁራጮች) ይሰጣል፤ ሁለቱ ክሮች ሲጣመሩም በየጫፋቸው የድሮሻና የዳይሰር አሻራ የሆነው የሁለት ኑክሊዮታይድ ትርፍ ይታያል። የንባቦቹ መነሻ በአንድ ቦታ ላይ የረጋ መሆን አለበት፤ መነሻቸው የተበታተነ ከሆነ ሲድ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ያዩትም የሌላ አርኤንኤ ፍራሽ ነው። ፕሮቲን በመሥራት ከሚያገለግሉት ከቲአርኤንኤና ከአርአርኤንኤ፣ እንዲሁም ከዘላይ ቅደም ተከተሎች ጋር የሚመሳሰለውን ያስወግዱ። በአንድ በግ ብቻ የታየውን አይቁጠሩ። ሚርዲፕ2ን የመሰለ ሶፍትዌር የሚሰጠው ነጥብ ለማጣሪያ ይረዳል እንጂ ይህን ምርመራ አይተካም። በእነዚህ መስፈርቶች ካለፉ በኋላ ጥቂት እጩዎች ቢቀሩልዎት፣ በፍየልና በከብት ጂኖም ተመሳሳዩ ስፍራ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም ሲዱ መጠበቁን ይመልከቱ። እዚያ የተጠበቀ ከሆነ ጂኑ ከደጋ በጎችዎ እጅግ የቀደመ ነው፤ ካልተጠበቀ ደግሞ ገና ሥራ ያልያዘ ጨቅላ ሊሆን ስለሚችል ያለ ሙከራ ጥቅም ሊሰጡት አይገባም።

ሌላው ጥንቃቄ የናሙና ነው። በሳይንሳዊ ጽሑፎች የምናየው «በደጋ ከፍ፣ በቆላ ዝቅ ብሎ ተገኘ» የሚል የምርት ልዩነት መላመድን በራሱ አያሳይም፤ እድሜ፣ ጾታ፣ የመኖ ሁኔታ፣ ናሙናው የተወሰደበት የጡንቻ ክፍልና አርኤንኤው እስኪቀዘቅዝ የቆየበት ሰዓት እያንዳንዳቸው የማይክሮአርኤንኤን መጠን ይለውጣሉ። የደጋውና የቆላው በጎች በአንድ ስፍራ፣ በአንድ መኖ ያላደጉ ከሆነ፣ ያዩት የአካባቢውን ተጽዕኖ እንጂ የዘሩን ልዩነት ላይሆን ይችላል።

የምመክርዎ የሚከተለው ነው። «አዳዲስ ማይክሮአርኤንኤዎች ለመላመድ» የሚለውን ምዕራፍ ከጥናትዎ ያውጡት። የተጣሩትን እጩዎች በአባሪ ውስጥ፣ እጩ ብለው ብቻ፣ ከንባብ ሥዕሎቻቸው ጋር ያስቀምጡ። ዋናውን ክፍል በጡንቻ ውስጥ ከንባቡ ትልቁን ድርሻ በሚይዙት እንደ ሚር-1፣ ሚር-133 እና ሚር-206 ባሉት ነባሮች ላይና በ18ኛው ክሮሞሶም ዘለላ ላይ ይመሥርቱ። ከዚያም የደጋና የቆላ በጎች የተነበበ ዲኤንኤ ማግኘት ከቻሉ፣ በመልእክቶቹ ጅራት ላይ የእነዚህን ነባሮች ዒላማ የሚፈጥሩ ወይም የሚያፈርሱ የአንድ ፊደል ልዩነቶችን ይፈልጉ፤ በሁለቱ መንጎች መካከል ድግግሞሻቸው በግልጽ የተለያየውንም በሕዋስ ውስጥ ሙከራ ይፈትኑ። የማዮስታቲንን ጅራት ከሁሉ አስቀድመው ቢያዩ ጥሩ ነው፤ ቴክሰሎችን የለወጠችው ኤ በበጎችዎ ውስጥ መኖር አለመኖሯ በአንድ ቀላል ፒሲአር የሚታወቅ ነው።